ዳዶና ትከሻ

በእንዲህ ያለ መጽሔት ላይ ስለ መኪና ጎማ መፍቻ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ይመስላል። ስለ ግጥምና ስለ ቴአትር በሚወራበት ገጽ ዳዶ ይዞ ብቅ ማለት እግርን ሳይጠርጉ እልፍኝ እንደ መግባት ሊቆጠር ይችላል። እኔ ግን አልጠይቅም። ይህን መጽሔት የሚያነብ ሰው በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ አገር አቋራጭ መኪና ላይ መውጣቱ አይቀርም፤ መኪናው ላይ እስካለ ድረስ ደግሞ ሕይወቱን የያዙለት በየቸርኬው ላይ ያሉት አምስት ወይም ስድስት ዳዶዎች ናቸው። ስንኝ ቢሰበር ጆሮ ይጎረብጠዋል። ዳዶ ሲሰበር ምን እንደሚሆን ከዚህ በታች አወራለሁ።

ወደዚህ ጉዳይ ያስገቡኝ አጎቴ ናቸው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ሲሆኑ በፍኖተ ሰላም ከአስፋልቱ ዳር የጎሚስታ ቤት ከከፈቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ቤት ልበለው እንጂ አራት ቋሚ እንጨት፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ አንድ አየር መሙያ ኮምፕረሰር፣ ካላማዳሪያ ተነክሮ ቀዳዳው የሚፈለግበት ግማሽ በርሜል ውኃ፣ ለማስታወቂያ ያህል የተሰቀለ አንድ ያረጀ ጎማ ነው። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ስልክ ደወሉልኝ። አጎቴ ሲደውሉ የጤናው፣ የዝናቡና የበርበሬው ዋጋ ሳይነሣ ወደ ጉዳይ መግባት አይወዱም፤ ያን ዕለት ግን ቀጥታ ገቡ።

«አንች፣ እዚያ በባትሪ የሚሠራ የጎማ መፍቻ መጥቷል ይሉኛል። አይተሽ፣ ጠይቀሽ፣ ደህናውን ምረጭልኝ። ትከሻዬ እንቢ አለኝ።»

«ሐኪም ዘንድ ሄደዋል ወይ ጋሼ?»

«ሐኪሙማ ሥራውን ተው አለኝ። እኔ የጠየቅሁሽ መፍቻውን ነው።»

የገረመኝ ትከሻቸው መታመሙ አይደለም። ማሽን መጠየቃቸው ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስለዚሁ ማሽን ሲያወሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁና።

በ2013 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ እየሄድኩ ነበር። ቡሬን አልፈን ማንኩሳ ልንደርስ ስንል፣ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጀመሩባት ያችው ማንኩሳ፣ ከኋላ በስተቀኝ እንደ እንጨት የሚንኳኳ ድምፅ መጣ። ሾፌሩ የወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ የሙዚቃውን ድምፅ ከፍ ማድረግ ነበር። ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን «አንተ ልጅ፣ ከሥሬ የሆነ ነገር እየወለቀ ነው፣ አቁም!» ብለው ጮኹ። አቆመ። ወርደን ስናይ ከጎማው ዳዶዎች ሁለቱ ከነቡሎናቸው የሉም፤ ሦስተኛው በጣት ይዞራል። ቸርኬው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ክብነታቸው ጠፍቶ እንቁላል መስለዋል። በዚያ ሰዓት በመኪናው ውስጥ ሁለት ሕፃናትን ጨምሮ ከአሥር የማናንስ ሰዎች ነበርን፤ ከፊታችን ቁልቁለት ነበር።

እንደዚህ ያለ ነገር ሲገጥም የአገራችን ሾፌር የታወቀ መላ አለው፦ ከሌሎቹ ጎማዎች አንዳንድ ዳዶ ይፈታና ለጎደለው ያዋሳል። ያን ዕለት ግን የተሰበረው ቡሎኑ ስለሆነ ብድሩም አልሠራ። እኛ ሌላ መኪና ለመንን፤ ሚኒባሱ ባዶውን እየተንፏቀቀ አጎቴ ቤት ደረሰ። ማታ ከእናቴ የተላከላቸውን ዕቃ ላደርስ ስሄድ አጎቴ የተሰበረውን የቡሎን ቁራጭ በሁለት ጣታቸው ይዘው በፋኖስ ያገላብጡት ነበር። መብራት አልነበረም።

«ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ የጠቆረውን አየሽው? ይኼ ዛሬ አልተሰበረም። ከሰነበተ በኋላ ነው። ዛሬ የተሰበረው ይች እንደ ብር የምታብለጨልጨዋ ናት።» ግማሹ ፊት ጠቁሮ ዝጓል፤ ግማሹ ገና ያንጸባርቃል። ቡሎን ሲታሰር እንደ ክር ይለጠጣል፤ በልኩ ሲለጠጥ ጎማውን አንቆ የሚይዘውም ያ መለጠጡ ነው። ከልኩ ካለፈ ግን ተመልሶ አይሰበሰብም፤ ሰልሎ ይቀራል፤ ቀስ እያለ ይሰነጠቃል፤ የተረፈው ሥጋው ሸክሙን መቻል ያቃተው ዕለት ይለያል። ሾፌሩን ሲጠይቁት ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ የት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፣ አራቱም ጎማ በማሽን ተፈትቶ በማሽን እንደታሰረለት ነገራቸው። የቀሩትን ዳዶዎች ለመፍታት አጎቴና ረዳታቸው አንድ ሜትር ቱቦ መፍቻው ላይ ሰክተው ሁለቱም ተንጠላጥለውበታል።

«ማሽን ያሰረው ነው» አሉ፤ ሲናገሩት ጅብ የበላው ነው የማለት ያህል ነበር።

እንግዲህ እኝህ ሰው ናቸው ዓመት ሳይሞላ ማሽን ግዢልኝ ያሉት። በስልክ ይህንኑ አስታወስኳቸው። «ጋሼ፣ አንቱ እኮ ማሽን አይወዱም ነበር።»

«ማሰሪያ መች አልኩሽ?» አሉኝ። «መፍቻ ነው ያልኩሽ። ስሙን ስሚው እንጂ።»

እውነታቸውን ነው። አማርኛችን ለዚህ መሣሪያ ስም ሲያወጣለት ከሁለት ሥራዎቹ አንዱን ብቻ መርጦ ነው የሰየመው። ፈረንጅ መጠምዘዣ ይበለው ምን፣ እኛ መፍቻ አልነው። አጎቴ ከዚህ የበለጠ የምርጫ መመሪያ አልሰጡኝም፤ በኋላ እንዳየሁት ከዚህ የበለጠም አያስፈልግም ነበር።

የጎሚስታ ሙያ ቋንቋው ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ጎሚስታ፣ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ቡሶላ፣ ካላማዳሪያ፤ ጠላት ከአምስት ዓመት በኋላ ሲወጣ መንገዱንና ቃላቱን ጥሎልን ሄደ። ፍኖተ ሰላም ራሷ ስሟን ያገኘችው በዚያው ዘመን ነው ይባላል። ዱሮ ወጀት ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው፣ በበላያና በቡሬ፣ በደብረ ማርቆስም አድርገው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ ያለፉባት ናትና የሰላም መንገድ ተባለች። ከሱዳን አብሯቸው የመጣው ጦር ስንቁንና ጥይቱን ባብዛኛው የጫነው በግመል ነበር። ግመል ጎማ አይተነፍስባትም፤ ነገር ግን የሚበዙት መንገድ ላይ አለቁ። ዛሬ በዚያው መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚመጣው አይሱዙ፣ በቆሎና ጤፍ የጫነው፣ የዳሞትን በርበሬ የሚያወርደው፣ ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚገነጠለው ሁሉ አንድ ቀን አጎቴ ደጅ ላይ አንድ ጎኑን በክሪክ አንሥቶ መቆሙ አይቀርም።

አሁን ስለ ዳዶው ጠባይ ትንሽ ልበል። የአንድ የቤት መኪና ዳዶ በደንቡ ሲታሰር የሚፈልገው የመጠምዘዝ ኃይል ባብዛኛው ከ100 እስከ 140 ኒውተን ሜትር ነው። ነገሩ ሲሰሙት የሚከብደውን ያህል ከባድ አይደለም፤ በእጀታው ጫፍ ላይ የሚያርፈውን ኃይል በእጀታው ርዝመት ማባዛት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ ሙሉ ክብደቱን ቢያሳርፍ ዳዶው 340 ኒውተን ሜትር ገደማ ይደርስበታል። ስለዚህ «በእግሬ ረግጬ ነው ያሰርኩት!» እያለ የሚፎክረው ሾፌር ከሚያስፈልገው ወደ ሦስት እጥፍ አስሯል ማለት ነው። ማሽኑን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ እግርም ማሽን ነው።

ሲፈታ ደግሞ ሌላ ነው። ክረምቱን ጭቃ የጠጣ፣ ከዓባይ በረሃ ቁልቁለት ጀምሮ በፍሬን ሙቀት የተጠበሰ፣ የዛገ ዳዶ ለመፈታት የሚጠይቀው ከታሰረበት በላይ ነው። የአይሱዙ ዳዶ ሲሆን መነሻውም ከቤት መኪናው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አጎቴ ለዚህ ያላቸው መሣሪያ መፍቻው፣ አንድ ሜትሩ ቱቦ፣ ትከሻቸውና ረዳታቸው ናቸው። እንቢ ሲል ልጁ ይቆምበታል። አሁንም እንቢ ሲል ዘይት ጠብ አድርገውበት ቡና ይጠጣሉ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት ዳዶ እንደፈቱ የቆጠረ የለም፤ የቆጠረው የቀኝ ትከሻቸው ነው።

ማሽኑ ይህን የሚያቃልለው ከሰው የበለጠ ጉልበት ስላለው ብቻ አይደለም። አሠራሩ ሌላ ነው። እኛ በመፍቻ ስንፈታ እንገፋለን፤ እሱ ይመታል። በሆዱ ውስጥ ሞተሩ የሚያሽከረክረው ከባድ የብረት መዶሻ አለ። ዳዶው እስከተገዛለት ድረስ አብሮ ይዞራል፤ ዳዶው ሲያምፅ መዶሻው ስፕሪንጉን እየጨመቀ ወደ ኋላ ሸሸት ይልና ተፈናጥሮ የዳዶውን መያዣ ይመታዋል፤ እንደገና ይሸሻል፤ እንደገና ይመታል። ይህን በደቂቃ ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ያደርገዋል። በርበሬን ሙቀጫ ውስጥ ዘነዘና ጭነው ቢገፉት አይደቅም፤ አንሥተው ሲጥሉበት ነው የሚደቀው። ነገሩ ይኸው ነው። የምቱ ኃይል ወደ ዳዶው እንጂ ወደ ያዘው ሰው ክንድ እምብዛም ስለማይመለስ ትከሻ ያርፋል። ነገር ግን ዘነዘናው መቼ እንደሚበቃ አያውቅም። ጣት ቁልፉን እስከተጫነ ድረስ ይወቅጣል፤ ዳዶ ሲፈታ ይኼ በጎነት ነው፤ ዳዶ ሲታሰር ግን ያ የጠቆረው ቡሎን የሚወለደው ከዚህ ነው።

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። አራት ዓይነት ቀረበልኝ። በአየር የሚሠራውን ወዲያው ተውኩት፤ የአጎቴ ኮምፕረሰር ጎማ ለመንፋት የምትበቃ ትንሽ ናት፤ ለከባድ ዳዶ የሚሆን የአየር መፍቻ ገና አንድ ሁለቱን ሲፈታ ጋኗን ያደርቃታል። ከግድግዳ በገመድ የሚሠራው በዋጋ ይረክሳል፣ ጉልበትም አለው፤ ነገር ግን መብራት በሄደ ቁጥር ጎሚስታውም ቁጭ ሊል ነው። ሦስተኛው ከመኪናው ሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካው ባለ 12 ቮልት ነው። የመለኮሻው ፊውዝ ባብዛኛው ከ10 እስከ 15 አምፔር ስለሆነ ከዚያ የሚገኘው ከ180 ዋት አይበልጥም፤ በልኩ የታሰረ የቤት መኪና ዳዶ ይፈታ ይሆናል፤ እግር የረገጠውን ግን እንጃ።

ቀሪው በባትሪ የሚሠራው ነው፤ የቁጥር ገበያው የሚደምቀውም እዚያ ነው። አንዱ 18 ቮልት ይላል፣ ሌላው 20፣ ሌላው 48፣ አንዱማ 128 ብሎ ለጥፏል። ሻጩ እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። ባለ 18ቱም ባለ 20ውም ውስጥ በተርታ የተያያዙት ያው አምስት ሊቲየም ድንጋዮች ናቸው። አንዱ ድንጋይ በአማካይ 3.6 ቮልት ይሰጣል፤ አምስት ጊዜ ሲሆን 18። ገና እንደሞላ ወደ 4 ይጠጋል፤ አምስት ጊዜ ሲሆን 20። አንድን ሰው በባዶ ሆዱና ከምሳ በኋላ መዝኖ ሁለት ሰው ነው እንደማለት ነው። ባለ 128ቱንም አስከፈትኩት፤ አምስት ድንጋይ!

ሳጥኑ ላይ ያለው የኒውተን ሜትር ቁጥርም እንዲሁ ነው። ደህና አምራች ሁለት ቁጥር ይጽፋል፤ አንድ ለመፍቻ አንድ ለማሰሪያ፤ የመፍቻው ከፍ ያለ ነው። ሌላው ትልቁን ብቻ ይጽፋል። ያም ቢሆን ባትሪው ጢም ብሎ ሲሞላ፣ ቡሶላው ያለ ማስረዘሚያ በቀጥታ ሲገጠም የሚገኝ ነው። በመሃል ረጅም ዘንግ ከገባ ዘንጉ እየተጠማዘዘ ምቱን ይበላዋል።

ሻጩ «እህቴ፣ ይኼ 1000 ነው፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። የምፈልገው ሲፈታ ማየት ነበር። ከሱቁ ማዶ አንድ ጎሚስታ ኤን ፒ አር አይሱዙ አንሥቶ ከዳዶ ጋር ይታገላል። የሻይ ከፍዬ አስፈቀድኩ። «1000» የተባለው ማሽን እንደ መትረየስ ተንጣጣ፤ አሥር ሰኮንድ፣ ሃያ ሰኮንድ፤ ዳዶው ንቅንቅ አላለም፤ ማሽኑ ግን ጋለ። ሳጥኑ ላይ ዝቅ ያለ ቁጥር የተጻፈበት ሌላኛው፣ ባትሪው ወፈር ያለውና ሞተሩ ካርቦን የሌለው፣ አምስት ስድስት ሰኮንድ ወቀጠና ዳዶው ጭው ብሎ ተፈታ። ጎሚስታው ሳቀ። ሻጩ አልሳቀም። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ሳጥን ማንበብ ትቻለሁ፤ ማሽን የሚገዛ ሰው የሚፈታውን መጥፎ ዳዶ ይዞ ገበያ ቢወጣ ይሻለዋል።

ካርቦን የሌለው ያልኩት ማስረጃ ይፈልግ ይሆናል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች ኤሌክትሪኩን ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያስተላልፉት ሁለት የካርቦን ቁራጮች ናቸው፤ እየተፋቁ ያልቃሉ፣ ይቀየራሉ። አዲሶቹ ያለ እነሱ ይሠራሉ፤ ከዚያው ባትሪ የበለጠ ጉልበት ያወጣሉ፣ ሙቀታቸውም ያንሳል። ጉዳታቸው ዋጋቸው ነው፤ ውስጣቸው ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ከተቃጠለም ፍኖተ ሰላም ላይ የሚጠግነው አይገኝም። ካርቦን ግን የትም ይቀየራል። ሁለቱን መዘንኩና ያለ ካርቦኑን መረጥኩ፤ ክብደቱ ከነባትሪው ሦስት ኪሎ አይሞላምና። ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች አፉ የበለጠ ጉልበት ነበረው፤ የታመመ ትከሻ ቀኑን ሙሉ የሚያነሣው ግን አይደለም። ባለ ግማሽ ኢንቹን ወሰድኩ፤ እሱ እንቢ ያለው ዳዶ ሲመጣ ቱቦው አለ፣ ልጁም አለ።

በዚህ መሃል አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ «እኔ ከዚህ ደህናውን ልላክ» ብሎ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የባትሪ መሙያው ላይ 120 ብቻ ተብሎ ከተጻፈ በእኛ 220 ላይ የተሰካ ዕለት ጢሱ ነው የሚታየው። ባትሪውም ተነጥሎ ሲመጣ ሻንጣ ውስጥ ተከትቶ አይጫንም፤ በእጅ ነው የሚያዘው፤ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ የሚያልፈውም እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 18 ቮልቱ 5 አምፔር ሰዓት ሲሆን 90 ስለሚመጣ ለጥቂት ያልፋል። ዘመድ የሚጠብቅ አንባቢ ቢኖር ይጠቅመው እንደሆነ ብዬ ነው።

አንድ የቤት መኪና ብቻ ላለው ሰውስ? ጎማ የሚቀይረው በሁለት ዓመት አንዴ ከሆነ ምንም ማሽን አያስፈልገውም ባይ ነኝ። እጀታው የሚረዝም ደህና መፍቻና ለመኪናው ልክ የሆነ ቡሶላ፣ ለብዙዎቹ ቶዮታዎች 21 ቁጥር፣ ይበቃዋል። ባትሪው ሁለት ዓመት ኮፈን ውስጥ ተኝቶ በተፈለገበት ሌሊት ባዶ ሆኖ ይገኛል። ለነገሩ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ተቀያሪ ጎማም ይዘው አይመጡ፤ ምን ሊፈታ!

ከማሽኑ ጋር ሁለት ነገር ጨመርኩ። አንደኛው ጥቁር ቡሶላ ነው፤ 19፣ 21 እና ለአይሱዙው 41። የሚያብረቀርቀው ቡሶላ ለእጅ ሥራ የጠነከረ ስለሆነ ምት ሲበዛበት ይፈነዳል፤ ፍንጣሪው ዓይን ይፈልጋል። ጥቁሩ ምት እንዲችል ተብሎ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ልክ ያለው መፍቻ ነው፤ ቶርክ ሬንች ይሉታል። እጀታው ላይ የሚፈለገው ቁጥር ይሞላል፤ ዳዶው እዚያ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል። ሻጩ ጎሚስታ ይህን ሲገዛ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከራሴ ገንዘብ ከፍዬ ገዛሁት፤ የዚያን ሚኒባስ ሕፃናት አስቤ ነው።

ዕቃው በአውቶቡስ ተላከ። አጎቴ በደረሳቸው ማግስት ሲደውሉ ስለ ማሽኑ ያወሩኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ይወቅጣል።» ስለ ቶርክ ሬንቹ ግን ሩብ ሰዓት አወሩ። እጃቸው የሚያውቀውን ልክ ቁጥሩ ካወቀው ጋር ሲያስተያዩ አድረዋል። በእጃቸው ካሰሯቸው ዳዶዎች የሚበዙት ለልኩ የቀረቡ ሆነው ተገኙ፤ ረዳታቸው ያሰራቸው ግን ሁሉም አልፈው ሄደው ነበር። «ወጣት ነው፤ ጉልበቱን የት ያድርገው!» አሉኝ።

ማሽኑን ከማስነሣታቸው በፊት ቡሶላው ዳዶው ላይ ቀጥ ብሎ እስከ ታች መግባቱን በእጃቸው ይፈትሻሉ። ይህን ያስተማራቸው የለም። እኔ ግን በስልክ አንድ ታሪክ ነገርኳቸው። እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ሞናኮ ላይ በተደረገው የፎርሙላ አንድ ውድድር ቫልተሪ ቦታስ የተባለው ሾፌር ሁለተኛ ሆኖ እየነዳ ጎማ ሊቀይር ገባ። የመፍቻው አፍ ዳዶው ላይ በደንብ ሳይቀመጥ ማሽኑ ተነሣ፤ የዳዶውን ጥርስ በቅጽበት ላጠው። ጎማው አልወልቅ አለ። ውድድሩ በዚያው አበቃለት፤ መኪናው ጎማው እንደተጣበቀበት ወደ እንግሊዝ ፋብሪካው ተመልሶ ነው የተፈታው። እነዚህ ሰዎች አራት ጎማ ለመቀየር የሚፈጅባቸው ሁለት ሰኮንድ ገደማ ነው፤ በ2023 ማክላረን ካታር ላይ በ1.80 ሰኮንድ ቀይሯል። አጎቴ በሳቅ ፈረሱ። «ያን ሁሉ ገንዘብ ይዘው ዳዶ በሉ?»

የአይሱዙው ግራ ጎማ ሌላ ወጥመድ ነው። በቀድሞዎቹ አይሱዙዎች በግራ በኩል ያሉት ዳዶዎች ጥርሳቸው ግልብጥ ነው፤ ጎማው ወደፊት ሲሽከረከር ዳዶውን እንዳያላላው ተብሎ ነው። ሌላው ሁሉ ወደ ግራ ሲፈታ እነዚህ ወደ ቀኝ ይፈታሉ። በእጅ የሚፈታ ሰው አቅጣጫውን ቢስት ድካሙ ይነግረዋል፤ ማሽን ግን ሳያንገራግር ሌላ ሃያ ሰኮንድ ያጠብቀውና ቡሎኑን ይቆርጠዋል። አጎቴ ልጁ ማሽኑን ከመንካቱ በፊት አቅጣጫውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ያደርጉታል፤ «ግራ ጎማ፣ ወደ ቀኝ!» ይላል፣ እንደ ድጓ ተማሪ።

ሲያስሩ ማሽኑ ከጠረጴዛው አይነሣም። ዳዶው መጀመሪያ በጣት ይገባል፤ በጣት አልገባ ካለ ጥርሱ ተዛንፏልና አይገደድም። ከዚያ በትንሿ መፍቻ፣ ጎን ለጎን ያሉትን ተራ በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት የሚተያዩትን እያፈራረቁ ይጠበቃሉ። መኪናው ከክሪክ ወርዶ መሬት ሲረግጥ ቶርክ ሬንቹ ይመጣል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የአይሱዙው ልክ ከዚያች ሬንች በላይ ስለሆነ እሱ እስካሁን በእጃቸው ዕውቀት ነው የሚታሰረው።

ሾፌሮች ይህን መጀመሪያ አልወደዱትም። ማሽን ካለ ማሽን ያለበት ቤት ሙሉ አገልግሎት ይፈልጋሉ፤ ድምፁ ራሱ ያጸናናቸዋል። «አንዴ ድርርር ያድርጉልኝ እንጂ!» የሚል አለ። አንዱ ሥራ ለማስረዘም ነው ብሎ ተቆጥቶ ሄዷል። አጎቴ አይከራከሩም። ያን የጠቆረ ቡሎን በሽቦ አስረው ምሰሶው ላይ ሰቅለውታል፤ እሱን አውርደው ለሾፌሩ ያስይዙታል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ጦርነት ሲመጣ የመንገዱ ነገር ተለወጠ። የሚዘጋበት ቀን በዛ፤ በተከፈተበት ቀን ሰው የሚጓዘው ሳይመሽ ለመግባት ነው። ጎማ ተንፍሶ ሜዳ ላይ አንድ ሰዓት መቆም ድሮ መሰልቸት ብቻ ነበር። አሁን ግን ዳዶው ቶሎ መፈታቱ ራሱን የቻለ ምሕረት ነው፤ ቶሎ ለመሄድ ሲባል በማሽን ቶሎ መታሰሩ ደግሞ የሚያጓጓ ነገር ነው። አጎቴ መብራት በመጣ ቁጥር ሁለቱንም ባትሪ ይሞላሉ። ለማሰሩ ግን ያው ጊዜ ይወስዳሉ፤ ሾፌሩ ሰዓቱን እያየ ቢቁነጠነጥም።

አዲስ የታሰረ ጎማ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ዳዶው እንደገና መፈተሽ አለበት፤ ቸርኬውና ዳዶው ተስማምተው እስኪቀመጡ ትንሽ ይላላሉና። አጎቴ ሒሳቡን ከተቀበሉ በኋላ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን «እንጅባራ ስትደርስ ፈትሽ»፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን «ደብረ ማርቆስ ስትደርስ ፈትሽ» ይሉታል። ግማሹ እሺ ብሎ ይረሳዋል። አንዳንዱ ግን ይደውላል። ባለፈው እዚያው ተቀምጬ ሳለ አንዱ ከእንጅባራ ደወለ፤ አጎቴ ስልኩን በዘይት እጃቸው ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ሰሙና ወደ ልጁ ዞረው፣ «አንዷ ሩብ ዙር ገባች ይላል» አሉት።